ግልባጩ ከዋናው ጋር አብሮ እንዳይጠፋ

የድርጅት ኮምፒውተር ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። በሀርድ ዲስኩ ላይ ያለው የዱቤ ዝርዝር፣ የዕቃ ክምችትና የሒሳብ መዝገብ ግን ከገበያ አይገኝም። በተለምዶ ባክአፕ የሚባለው መጠባበቂያ ግልባጭ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ይሁንና ግልባጭ መያዝ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ከዋናው ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ መርስክ የገጠመው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ በዩክሬን በስፋት በሚሠራበት የሒሳብ ፕሮግራም በኩል ተሠራጭቶ ኩባንያውን አጠቃ። የኔትወርኩን ተጠቃሚዎች የሚመዘግቡት ዋና ዋና ኮምፒውተሮች በየአገሩ ሆነው አንዱ የሌላውን መረጃ ይገለብጥ ስለነበር፣ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ነገር ግን ሁሉም የተያያዙ በመሆናቸው አብረው ጠፉ። የተረፈው ጋና የሚገኘው ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ያዳነው ከጥቃቱ በፊት መብራት ጠፍቶ ከመስመር መውጣቱ ነው። ኩባንያው 45 ሺህ ኮምፒውተሮችንና 4 ሺህ ሰርቨሮችን እንደገና ለማደራጀት ተገድዷል፤ ጉዳቱም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

ባለሙያዎች የሚመክሩት የ3-2-1 ደንብ ይባላል፦ ዋናውን ጨምሮ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቢሮ ውጭ። ለአነስተኛ ድርጅት ሁለት ተነቃይ ሀርድ ዲስክና በኢንተርኔት የሚከራይ ማስቀመጫ ይበቃሉ። አንደኛው ዲስክ ካዝና ውስጥ፣ ሁለተኛው በባለቤቱ ቤት ይቀመጥና በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ። ግልበጣው እንዳለቀ ዲስኩ መነቀል አለበት። ተሰክቶ ከዋለ ገንዘብ ለማስከፈል ፋይል የሚቆልፈው ቫይረስ እሱንም ይቆልፈዋል፤ የኤሌክትሪክ መዋዠቅም ሁለቱንም ሊያቃጥል ይችላል።

የሒሳብ ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ፋይሉን መገልበጥ የተጓደለ ቅጂ ሊሰጥ ስለሚችል አስቀድሞ መዝጋት ወይም በራሱ በፕሮግራሙ የባክአፕ ትእዛዝ መጠቀም ይሻላል። ዲስኩ በሌባ እጅ ቢገባ የደንበኞች ምስጢር እንዳይወጣ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ ቃሉ ከጠፋ ግን ባለቤቱም አይከፍተውምና በወረቀት ተጽፎ ለብቻው ይቀመጥ።

በመጨረሻም በወር አንድ ጊዜ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ የአንድ ደንበኛን ሒሳብ ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር ይገባል። ሥራው ለአንድ ሠራተኛ በስም ይሰጥ፤ የተገለበጠበትና የተፈተሸበት ቀንም በመዝገብ ይፈረም።