ጃርዲያው ጠፍቶ ሕመሙ ሲቀር

ሆድ ሲያም አገራችን ውስጥ ተጠርጣሪዎቹ የታወቁ ናቸው፤ ጨጓራ፣ ጃርዲያና አሜባ፣ እነሱ ካልሆኑም ታይፎይድ። እውነትም ብዙ ሰው ያሠቃያሉ። ችግሩ የሚመጣው ቁርጠቱና መነፋቱ፣ አንድ ሰሞን ተቅማጥ ሌላ ሰሞን ድርቀት እየሆነ መመላለሱ ወር አልፎ ዓመት ሲይዝ፣ ሰገራውም ደሙም ተመርምሮ የሚጨበጥ ነገር ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ ታማሚው ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ወይ «ምንም የለብህም» ተብሎ ይሸኛል፣ ወይ «ለማንኛውም» ተብሎ ቲኒዳዞል እንደገና ይታዘዝለታል። ሁለቱም መልሶች የተሳሳቱ ናቸው። ምርመራው ንጹሕ ሆነ ማለት ሕመም የለም ማለት አይደለም፤ ሕመም አለ ማለትም ጥገኛ ተሕዋስ አለ ማለት አይደለም። ሐኪሞች በምኅጻር አይ.ቢ.ኤስ የሚሉት የአንጀት ሕመም ያለው እዚሁ መካከል ላይ ነው። አንጀቱ ሳይቆስል፣ ዕጢም ሳይወጣበት አሠራሩ ይታወካል።

ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው ጃርዲያ እንደ እኛ አገር ከማይዘወተርበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 መጸው ላይ የኖርዌይዋ የበርገን ከተማ የመጠጥ ውኃ በጃርዲያ ተበከለ። በላቦራቶሪ የተረጋገጠባቸው ሰዎች ብቻ ከ1,200 በላይ ነበሩ። ሰዎቹ ታከሙ፤ ከአብዛኞቹም ሰገራ ጃርዲያው ጠፋ። ተመራማሪዎች ግን ነገሩን በዚያ አልተዉትም። ከ3 ዓመት በኋላ ሲጠይቋቸው በጃርዲያ ታመው ከነበሩት 46 በመቶ ያህሉ የአይ.ቢ.ኤስ መለያዎችን አሟልተው ተገኙ፤ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት የአካባቢው ሰዎች ግን 14 በመቶ ብቻ። በ6ኛው ዓመት እንኳ ልዩነቱ 39 ለ12 ገደማ ነበር። በካናዳዋ ዎከርተን ከተማም በ2000 ውኃው በባክቴሪያ ተበክሎ 7 ሰዎች ሞተው ከ2,300 በላይ ከታመሙ በኋላ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ጃርዲያ ከልጅነት ጀምሮ የሚመላለስበት አገር ከዚህ መዘዝ ነጻ ይሆናል ብሎ ለማሰብ ምክንያት አላይም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ «ጃርዲያዬ ተመለሰብኝ» የሚባለው ሕመም ጃርዲያው ሄዶ አንጀቱ ላይ ጥሎት ያለፈው ጣጣ ሊሆን ይችላል።

ጣጣው ምንድን ነው? በ1973 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት የታማሚዎችንና የጤነኞችን የታችኛውን አንጀት ክፍል በትንሽ ፊኛ ነፍቶ ስሜታቸውን ጠይቆ ነበር። ፊኛው 60 ሚሊ ሊትር ሲይዝ ሕመም የተሰማቸው ጤነኞች 6 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ከታማሚዎቹ ግን ከግማሽ በላይ ናቸው። አየሩ እኩል ነው፤ የተለየው ነርቩ የሚሰማው ነው። አንጀት በግድግዳው ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ እነሱም ከአንጎል ጋር ያለማቋረጥ ይነጋገራሉ። ኢንፌክሽን እነዚህን ነርቮች ከተገቢው በላይ ንቁ አድርጎ ሊተዋቸው ይችላል። የቤልጅግ ተመራማሪዎች በ2021 እንዳሳዩት ደግሞ፣ አይጦች አንጀታቸው በኢንፌክሽን ተይዞ ሳለ የሚበሉትን ምግብ የሰውነት መከላከያ እንደ ጠላት መዝግቦ ይይዘዋል፤ ኢንፌክሽኑ ከዳነም በኋላ ያው ምግብ አንጀት ውስጥ ሲገባ ሕመም ይቀሰቅሳል። ትናንት የሚስማማ የነበረ ምግብ ዛሬ ለምን ጠላት እንደሚሆን ይህ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

«ይህ ሁሉ ጭንቀት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከሐኪም አፍም ይሰማል። ከፊሉ እውነት ነው። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና ሐዘን ሕመሙን ያባብሱታል፤ በሥነ ልቦና ሕክምና የሚሻላቸውም ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የበርገን ሰዎች ሕመም የተነሣው ከቧንቧ ውኃ ነው። ጭንቀት የሚያባብሰው ሕመም ሁሉ ጭንቀት የፈጠረው አይደለም፤ አስምም በጭንቀት ይባባሳል፣ ግን ማንም «አስምህ በሐሳብህ ነው» አይልም። ታማሚው ይህን ሲባል የሚሰማው «አታመም» የሚል ትእዛዝ ነው። ውጤቱም ይታወቃል፤ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ላቦራቶሪ፣ ሌላ ወጪ።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ጥገኛ ተሕዋስና የአንጀት ቲቢ ባለበት አገር «አይ.ቢ.ኤስ ነው» ብሎ መቀመጥ አደገኛ አይደለምን? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ስለዚህም አይ.ቢ.ኤስ በግምት የሚለጠፍ ስም መሆን የለበትም። በ2016 የወጣውና ሮም አራት የሚባለው መለያ ሕመሙ ቢያንስ ከ6 ወር በፊት የጀመረ እንዲሆን፣ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት አንድ ቀን እንዲሰማ፣ ከመጸዳዳት ጋር ወይም ከሰገራ ብዛትና መልክ መለወጥ ጋር ቢያንስ በሁለት መንገድ እንዲያያዝ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ሰገራና ደም በአግባቡ መመርመር አለበት፤ ጃርዲያ ከተገኘም ይታከም። አደገኞቹ በሽታዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ምልክት ይዘው ይመጣሉ። ክብደት ያለምክንያት ከቀነሰ፣ ሰገራ ደም ካለበት፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለ፣ ደም ማነስ ከታየ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ፣ ወይም ሕመሙ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ እንደ አዲስ ከጀመረ «አይ.ቢ.ኤስ ነው» ብሎ መተው ጥፋት ነው። እነዚህ በሌሉበት ግን ያንኑ ምርመራ ለአምስተኛ ጊዜ መድገም ጥንቃቄ መስሎ ታማሚውን ያደኸያል። «ለማንኛውም» የሚሰጥ መድኃኒትም ያለ ጉዳት አይቀርም፤ በአንጀት ኢንፌክሽን ወቅት አንቲባዮቲክ መውሰድ ራሱ በኋላ ለሚመጣ አይ.ቢ.ኤስ የመጋለጥ ዕድልን ከሚጨምሩ ነገሮች ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ስለ ምግብ ማንሣት የእኛን ወጥ ማንሣት ነው። በሜልበርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸውን፣ ታችኛው አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ አብላልቶ ጋዝ የሚያደርጋቸውን ስኳሮች ለይተው ፎድማፕ ብለዋቸዋል። ስንዴ፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ወተት ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ሽሮና ቁሌት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ በጾም ወራት ሲሆን ደግሞ በቀን ሁለቴ። ይህ የሚያስፈራውን ያህል አያስፈራም። እነዚህን የመቀነስ ዘዴ የታሰበው ለ4 እስከ 6 ሳምንት ነው፤ ከዚያ ምግቦቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፣ የሚጎዳው ብቻ ይለያል። ለዕድሜ ልክ ሽሮ መተው አያስፈልግም፤ ገበታው ጠባብ ለሆነበት ሰው እንዲያውም ጎጂ ነው። ሽንኩርቱን መቀነስ፣ ሽምብራና ምስር አሳድሮ ውኃውን ደፍቶ መቀቀል፣ በርበሬውን ማለዘብ ለብዙዎች ይበቃል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው እንጀራ ግን ሌላ እህል ሊቀላቀልበት እንደሚችል ማሰብ ይገባል። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ በ2008 ለመነፋት በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ መክሯል፤ እናቶቻችን ለድርቀት ከሚያቀርቡት ጋር መግጠሙ ደስ ያሰኛል። ቡናና ሻይም በቀን ከ3 ስኒ እንዳይበልጥ፣ ምግብም ሰዓቱን ጠብቆ እንዲበላ ይላል። ጾም ሕመሙን የሚቀሰቅስበት ሰው ጉዳዩን ከንስሐ አባቱ ጋር ይምከርበት፤ በእስልምናም ታማሚ ከጾም እፎይታ አለው።

ምግብ ብቻ የማይበቃው ሰውም ተስፋ አለው። በ2023 የታተመው አትላንቲስ የተባለ የእንግሊዝ ጥናት 463 ታማሚዎችን ይዞ፣ አሚትሪፕቲሊን የተባለው ርካሽና ጥንታዊ መድኃኒት በትንሽ መጠን፣ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም፣ ከማስመሰያ ክኒን በተሻለ ሕመሙን እንደሚያቀል አሳይቷል። መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን ለድባቴ የሚሰጥ በመሆኑ ታማሚዎች «እብድ መስዬው ነው?» ብለው ይጥሉታል። እዚህ የሚሠራው የነርቩን ስሜት በማርገብ ነው፤ ሐኪም ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ቢሰጥ ብዙ ክኒን ከመጣል ይተርፋል።

አይ.ቢ.ኤስ ወደ ካንሰር አይለወጥም፣ ዕድሜም አያሳጥርም፤ ሥራን፣ ጉዞንና ማኅበራዊ ኑሮን ግን ይነጥቃል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሆድዎ ለወራት ከተመላለሰብዎ፣ ምርመራዎም ንጹሕ ከሆነ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቲኒዳዞል ከመድኃኒት ቤት ከመግዛትዎ በፊት ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ሄደው «አይ.ቢ.ኤስ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።