አምስት ስም፣ አንድ ሠራተኛ

በአዲስ አበባ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ፣ ከገርጂ እስከ ኮተቤ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ሞልቷል። መምህራንን ለአሥርተ ዓመታት ያሠለጠነው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲም፣ በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም፣ የግሉ ዩኒቲም የሚገኙት በዚሁ አቅጣጫ ነው። እዚህም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቆይቷል፦ ተማሪው ክፍል ውስጥ የሚናገረው መቼ ነው?

በወረቀት ላይ መልሱ አለ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ጀምሮ «ተማሪ ተኮር» ያልተባለበት ጊዜ የለም። ለመምህራን የሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም (ኤች ዲ ፒ) ሥልጠና ተሰጠ፤ ቆይቶም ተማሪዎችን በቡድን የሚያደራጀው አንድ ለአምስት መጣ። በተግባር ግን የክፍል ውይይቱ ወደ ግሩፕ አሳይመንት ወረደ። ሽፋኑ ላይ አምስት ስም ይሰፍራል፤ የሚሠራው አንዱ ነው፤ በፕረዘንቴሽን ቀን እያንዳንዱ የደረሰውን ስላይድ አንብቦ ይቀመጣል። መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ይላል። ክፍሉ ጭጭ።

ብዙዎች ጥፋቱን በይሉኝታችን ያሳብባሉ። በላ ልበልሃ እያለ ሲሟገት የኖረ፣ በቅኔ ቤት ምሥጢር ሲፈታ የሚከራከር ሕዝብ ግን መናገር አያቅተውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ቋንቋ ነው፤ ተማሪው ሐሳቡ እያለው እንግሊዝኛው ያስፈራዋል። ሁለተኛው ጥያቄው ራሱ ነው። «የዋጋ ቁጥጥር ምንድን ነው?» ሲባል መልሱ ሃንድአውት ላይ ስላለ የሚያከራክር ነገር የለም። «ታሪፍ ተቆርጦ ሳለ ማታ መገናኛ ላይ ታክሲ ለምን ይወደዳል? ጥፋቱ የማን ነው?» ቢባል ግን ሁሉም የሚለው አለው።

ሦስተኛው ችኮላ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንዳሳየችው፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ የተማሪዎች መልስ ይረዝማል፣ የሚሳተፈውም ይበዛል።

ስለዚህ መላው ውድ አይደለም። ተማሪው መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ለብቻው ይጻፍ፤ ከጎኑ ካለው ጋር በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ይወያይ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ለክፍሉ ያቅርብ። አቅራቢው በየሳምንቱ ይቀያየር። መምህሩም መጨረሻ ላይ የተባለውን ያጠቃልል፣ የተሳተውን ያርም፤ ያለዚያ ውይይቱ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህ ሁሉ ይከብዳል፤ ዲኖችም መምህሩን ምዕራፍ በመጨረሱ ብቻ መመዘናቸውን ሊተዉ ይገባል። እስከዚያው መምህሩ ለነገው ክፍል ስላይድ ከማዘጋጀቱ በፊት አንድ የሚያከራክር ጥያቄ ይጻፍ።