ለአሮጌ ሚሊንግ ማሽን መጀመሪያ ምን ይገዛ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በግቢው ትንሽ ወርክሾፕ ላለው ሰው ደጋግሞ የሚመጣለት ሥራ የወፍጮ ዘንግ ነው። እህል ከአውድማ ከገባ በኋላ ወፍጮ ዕረፍት የለውም። ኪዩ ይላላል፣ የተቀመጠበትን ቦይ ይበላል፣ በመጨረሻም ፑሊው ዘንጉ ላይ ብቻውን ይሽከረከራል። ባለወፍጮው ዘንጉን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ከደጀን ወይም ከአማኑኤል ይዞ ይመጣል። ለአሮጌ ሚሊንግ ማሽን ተጨማሪ ዕቃ ሲመረጥም መነሻው ይህ ዘንግ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ብር ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ግን የስፒንድሉ አፍ ይለካ። በአካባቢያችን የሙያው ታሪክ ቅይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ከመጀመሪያ የሥልጠና ዘርፎቹ አንዱ ብረታ ብረት ነበር፤ ያ ወገን በሚሊሜትር ያስባል። ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የመጣ አሮጌ ማሽን ደግሞ ብዙውን ጊዜ በኢንች ነው። በዚህ ላይ አፉ ራሱ ያታልላል። የሞርስ ቁጥር 4 ሾጣጣ አፉ ላይ 31.267 ሚሊሜትር፣ አይሶ 30 ደግሞ 31.75 ሚሊሜትር ነው። የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት በተበላ አፍ ላይ በካሊፐር አይታመንም። የሚለያቸው ጥልቀቱ ነው፤ 24 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ አይሶው 7 ሚሊሜትር ይጠባል፣ ሞርሱ ግን ከ1.25 ሚሊሜትር አይበልጥም።

ከላይ ወርዶ መያዣውን የሚስበው ረጅም ብሎንም ጥርሱ ይታይ። እኔ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት የኮሌት መያዣ ሾጣጣው ልክክ ብሎ ገጠመ፤ ብሎኑ ግን ሁለት ዙር ሄዶ ቀጥ አለ። የእኔ ብሎን 16 ሚሊሜትር ነው፣ የመያዣው ጥርስ ግን የ5/8 ኢንች ነበር። 5/8 ኢንች ማለት 15.875 ሚሊሜትር ስለሆነ ዓይን አይለየውም። መፍቻ አስረዝሜ አስገድጄው ቢሆን ኖሮ የሁለቱንም ጥርስ በልቼው ነበር።

አፉ ከታወቀ በኋላ ሁሉም ወደ ትልቅ ሞርሳ ይሮጣል። ሞርሳ ያስፈልጋል፤ ለትንሽ ጠረጴዛ ግን 100 ሚሊሜትሩ ይበቃል፣ ትልቁ ክብደትና ከፍታ ይበላል። ለወፍጮ ዘንግ ከሞርሳ ይልቅ ጥንድ ቪ ብሎክና ጠረጴዛው ላይ የሚታሰሩ መቆንጠጫዎች ይሻላሉ። ረጅም ዘንግ ሁለት ቦታ ተደግፎ ሲታሰር አይንቀጠቀጥም፤ ዋጋቸውም ቀላል ነው።

40 ሚሊሜትር ለሆነ ዘንግ የኪዩ ቦይ 12 ሚሊሜትር ስፋትና 5 ሚሊሜትር ጥልቀት አለው። መሐሉን ለማግኘት ስስ ወረቀት በዘይት አርሼ የዘንጉ ጎን ላይ እለጥፋለሁ፤ የሚዞረውን ከተር ቀስ እያልኩ አስጠጋና ወረቀቱን ሲነጥቀው እቆማለሁ። ከዚያ ከተሩን ከፍ አድርጌ የዘንጉን ግማሽ፣ የከተሩን ግማሽና የወረቀቱን ውፍረት ደምሬ እሄዳለሁ። አሮጌ ማሽን ጠመዝማዛው ልል ስለሆነ ጠረጴዛው ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይምጣ። ከተሩ ሥራውን ወደ ራሱ በሚስብበት አቅጣጫ መቁረጥም አይገባም፤ ልልነቱ ባለበት ጠረጴዛው በድንገት ይነጠቅና ከተሩ ይሰበራል።

ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ዲቫይዲንግ ሄድ ነው። እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም፤ ጥርሱ የረገፈ ማርሽ ይዞ የመጣን ሰው አዲስ አበባ ድረስ ከመሄድ የሚያድነው እሱ ነው። በአብዛኞቹ ላይ እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ሥራው አንድ ጊዜ ይዞራል። ባለ 27 ጥርስ ማርሽ ቢመጣ 40 ለ27 ይካፈላል፤ አንድ ሙሉ ዙርና ባለ 27 ቀዳዳው ክብ ላይ 13 ቀዳዳ ይሆናል። ሞዱሉ 3 ከሆነ የውጭ ስፋቱ 87 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ ጥልቀት 6.75 ሚሊሜትር ነው። ከተሩን በተመለከተ፣ ለአንድ ሞዱል 8 ከተሮች አሉ፤ ቁጥር 5 ከ26 እስከ 34 ጥርስ ይቆርጣል። ሙሉውን ስብስብ አትግዙ፤ ሥራ ሲመጣ አንድ አንድ እያሉ መግዛት ይቻላል።

ሮታሪ ቴብልና ቦሪንግ ሄድ ይቆዩ። በነሱ ገንዘብ የመብራቱ ጉዳይ ቢፈታ ይሻላል። መኖሪያ ቤት የሚገባው መስመር ብዙውን ጊዜ ባለ 220 ቮልት አንድ ፌዝ ሲሆን የማሽኑ ሞተር ሦስት ፌዝ ይፈልጋል። ሰሌዳው 220/380 የሚል ከሆነ በዴልታ ታስሮ በኢንቨርተር ይሠራል። ሞተር በተለምዶ የሚለካው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነች ስሱ አየር ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። የደጋው ብርድ ያግዛል፤ ቢሆንም ኢንቨርተሩን ከፍ ያለ አቅም ያለውን መምረጥ ይበጃል።

የፑሊውን የውስጥ ቦይ ለማውጣት የሚሸጠውን ስሎቲንግ ሄድም እተወዋለሁ። ቶርኖ ካለ ሥራው እዚያው ያልቃል። ፑሊው ቶርኖው ላይ ይታሰራል፣ ስፒንድሉ እንዳይዞር ይቆለፋል፣ 12 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስለት በጎኑ ተደርጎ በሠረገላው እየተገፋ ወደፊትና ወደኋላ ይፋቃል። በየምልልሱ 0.05 ሚሊሜትር ቢጨመር የሚፈለገው 3.3 ሚሊሜትር በ66 ምልልስ ይደረሳል፤ ባለወፍጮው ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ ፑሊውና ዘንጉ ኪዩ ላይ ይገናኛሉ።