ተጨማሪ መረጃ፦ ዜማና ምት ከአንጎል ጉዳት በኋላ

በአደጋ ወይም በስትሮክ፣ ማለትም የአንጎል የደም ሥር በመዘጋቱ ወይም በመፈንዳቱ፣ አንጎሉ የተጎዳ ሰው እጁን ማንቀሳቀስ ቢችል እንኳ ሸሚዝ የመልበስን ቅደም ተከተል ሊያጣው ስለሚችል፣ የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያው የሥራውን እርምጃዎች በአጭር ዜማ ያያይዛቸዋል፤ በመጀመሪያው ስንኝ የደከመው ክንድ እጅጌው ውስጥ ይገባል፣ በሁለተኛው ጤነኛው ይከተላል፣ በአዝማቹ ቁልፎቹ ከታች ወደ ላይ ይቆለፋሉ። ታካሚው እየለመደ ሲሄድ ዘፈኑ ወደ ማንጎራጎር፣ ከዚያም ዜማውን በሐሳብ ብቻ ወደ መከተል ዝቅ ይላል።

በመራመድ ልምምድ ግን ዋናው አጋዥ ምት ነው። ተመራማሪው ማይክል ታውትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ከስትሮክ በኋላ አንድ ጎናቸው የደከመ ታካሚዎች እግራቸውን ከሚሰሙት ምት ጋር እያስማሙ ሲለማመዱ፣ ያለ ምት ከተለማመዱት ይልቅ የአካሄዳቸው ፍጥነትና የእርምጃቸው ርዝመት ተሻሽሏል፤ ይህም የሚሆነው የመስማት ሥርዓት እንቅስቃሴን ከሚመሩ የአንጎል ክፍሎች ጋር በቅርብ የተሳሰረ በመሆኑ፣ አንጎል ቀጣዩን ምት ሲጠብቅ ጡንቻንም አስቀድሞ ስለሚያዘጋጅ ነው። ታካሚው ከልጅነቱ የሚያውቀውንና የሚወደውን ዜማ መምረጥ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም፤ ሆኖም ከጉዳቱ በኋላ ድምፅ የሚያውካቸው ብዙዎች ስለሆኑ፣ ሕክምናው በለሆሳስና በአጭር ጊዜ ልምምድ መጀመር ይኖርበታል።