ፍራንክፈርት ወርዶ ባቡር ለሚይዝ እንግዳ

ከፍራንክፈርት ወደ በርሊን በሚሄድ ፈጣን ባቡር ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ 30 ዩሮ፣ ሌላው ከ100 ዩሮ በላይ ከፍለው ሊሆን ይችላል። ወንበሩ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚደርሱትም እኩል ነው። የመጀመሪያው ትኬቱን ከሁለት ወር በፊት ሲቆርጥ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ባቡር ብቻ እሄዳለሁ ብሎ ራሱን አስሯል። ሁለተኛው ጠዋት ተነሥቶ ልሂድ ያለ ነው። አውሮፓን በባቡር ሊያይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሣ ሰው ካርታ ከመዘርጋቱ በፊት ይህን ቢይዝ ይጠቅመዋል፤ በፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ ዋጋ የሚያወጣው ከኪሎሜትሩ ይልቅ ተሳፋሪው አስቀድሞ የሰጠው ቃል ነው።

አሠራሩ ከአየር መንገዶች የተወሰደ ነው። የጀርመኑ ዶይቸ ባን፣ የኦስትሪያው ኦቤቤ፣ የጣሊያኑ ትሬንኢታሊያና የፈረንሳዩ ኤስኤንሲኤፍ ለእያንዳንዱ ረጅም መንገድ ባቡር ቁጥራቸው የተወሰነ ርካሽ ትኬቶችን ቀደም አድርገው ይለቃሉ። እነዚያ ሲያልቁ ቀጣዩ እርከን ይከፈታል፤ ያም ሲያልቅ ሌላው። ዓርብ ከሰዓትና እሑድ ማታ የሚነሡት ቶሎ ይሞላሉ፤ ማክሰኞ ረፋድ ለሚነሣው ግን ሳምንት ሲቀረውም ርካሽ ትኬት ሊገኝለት ይችላል። ርካሹ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም፤ ወደ ሌላ ባቡርም አይዛወርም።

በየከተማውና በየመንደሩ እየቆሙ የሚሄዱት የአካባቢ ባቡሮች ከዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው። ታሪፋቸው ቋሚ ነው፤ ከወር በፊት ገዙት፣ ሊነሣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ገዙት ለውጥ የለውም። ወንበርም አይያዝባቸውም፤ ባዶ ያገኘ ይቀመጣል። ሉክሰምበርግማ ክፍያውን ጭራሽ ትታዋለች፤ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2020 ማብቂያ ጀምሮ በአገሪቱ ውስጥ በሁለተኛ ማዕረግ ለሚጓዝ ትኬት የሚባል ነገር የለም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ነገሩ የሚጠብቀው ትኬቱን ቀድሞ በመግዛቱ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። የቀጠሮው ወረፋ ሲታከልበት፣ ርካሹ ትኬት ገበያ ላይ የሚቆይባቸው ሳምንታትና ተጓዡ ፓስፖርቱን አስረክቦ የሚጠብቅባቸው ሳምንታት አንድ ላይ ይገጥማሉ። ቪዛው ሳይመታ የማይመለስ ትኬት መግዛት ደግሞ በሎተሪ የመጫወት ያህል ነው። የሚሻለው በማመልከቻው ጊዜ መንገዱን በከተማና በቀን ለይቶ ጽፎ ማቅረብ፣ ቪዛው በእጅ ሲገባ ደግሞ በዚያው ዕለት ተቀምጦ ረጃጅሞቹን ሁለት ወይም ሦስት ጉዞዎች መግዛት፣ የቀረውን ለአካባቢ ባቡሮች መተው ነው። ቪዛው የሚጠየቀው ረዘም ያለ ጊዜ ከሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ስለሆነ፣ አዳሩ እኩል ከሆነም መጀመሪያ ከሚገቡበት፣ መንገዱን መንደፍ የሚጀመረውም ሌሊቶችን ከመቁጠር ነው።

ቀኑ እርግጠኛ ላልሆነለት መንገደኛ ሌላ ምርጫ አለ፤ በአንድ ክፍያ በብዙ አገሮች ባቡሮች የሚጓዙበት ፓስ። ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ዩሬል፣ እዚያው ለሚኖር ኢንተርሬል ይባላል። የሚቆጠረው መኖሪያ እንጂ ዜግነት አይደለም፤ ስቶክሆልም በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖር እህት ኢንተርሬል ስትገዛ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣው ወንድሟ ዩሬል ይገዛል። የእሷ በምትኖርበት አገር ውስጥ ለመውጫና ለመመለሻ ብቻ ያገለግላታል፤ የእሱ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም። ዩሬል በ1959 ተጀመረ። ኢንተርሬል የመጣው በ1972 ዓለም አቀፉ የምድር ባቡሮች ኅብረት 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው፤ ዕድሜያቸው እስከ 21 ለሆነ ወጣቶች በ21 አገሮች ለአንድ ወር እንዲጓዙበት፣ ለአንድ ሰሞን ብቻ ተብሎ ታስቦ ነበር። ወጣቶቹ ግን ወደዱት፤ በዚያው ቀረ። የዕድሜው ገደብም በ1998 ተነሣ። ዛሬ ሁለቱንም የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ዩትሬክት፣ ኔዘርላንድ ውስጥ ነው፤ ፓሱም በ33 አገሮች ይሠራል።

ፓሱ ያዋጣል ወይ ለሚለው መልሱ ሒሳብ ነው። በአንድ ወር ውስጥ በሚመርጧቸው አራት ቀናት የሚጓዙበት የሁለተኛ ማዕረግ ፓስ በቅርብ ዓመታት ለአዋቂ 280 ዩሮ ገደማ ነበር። ለአራት ሲካፈል የአንዱ ቀን ዋጋ 70 ዩሮ ይሆናል። ከፍራንክፈርት ሃይደልበርግ ሄዶ ለመመለስ ያንን ቀን የሚያጠፋ ሰው ከሰረ። በዚያው ጠዋት ተነሥቶ በርሊን ወይም ቪየና ለመግባት የሚያውለው ግን አተረፈ። እስከ 27 ዓመት ያሉ ሩብ ያህል ይቀነስላቸዋል፤ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር ሲሆኑ በነጻ ይሄዳሉ። አውሮፓ ውስጥ ልጅ ያሳደጉ ወላጆች ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፦ የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ ዲስከቨር ኢዩ በሚባል ፕሮግራም 18 ዓመት ለሆናቸው ወጣቶች አመልክተው ሲመረጡ ፓሱን በነጻ ያድላል።

ሻጮቹ በትልቁ የማይጽፉት አንድ ነገር አለ። በፈረንሳይ ቴጄቬ፣ በስፔን አቬ፣ በጣሊያን ፍሬቻሮሳ በሚባሉት ፈጣን ባቡሮችና በዩሮስታር ላይ ፓስ ብቻውን አያሳፍርም፤ ለመቀመጫው ተጨማሪ ተከፍሎ ቦታ መያዝ አለበት። በቴጄቬና በዩሮስታር ለፓስ ተጓዦች የሚለቀቀው ወንበርም የተወሰነ ነው፤ በአውሮፓ በጋ፣ በቱሪስት ወራት፣ ባቡሩ ባዶ ወንበር እያለው ለፓስ የለም ሊባል ይችላል። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ቤልጂየምና ኔዘርላንድ ውስጥ በአብዛኞቹ ባቡሮች እንደልብ መግባት ይቻላል። ስለዚህ በእኔ ግምት ፓስ የመካከለኛው አውሮፓ ዕቃ ነው፤ ፓሪስ፣ ባርሴሎናና ሮምን ብቻ ላለመ ሰው አልመክረውም። ለቪዛ ጠባቂ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በተገዛ በ11 ወር ውስጥ ማስጀመር ይቻላል፤ በልዩ ቅናሽ ካልተገዛና ካልተጀመረም የተወሰነ ተቆርጦ ገንዘቡ ይመለሳል።

ቸኩሎ ላልመጣ ሰው ግን ትልቁ ቁጠባ ቀርፋፋው ባቡር ላይ ነው። ከፍራንክፈርት ወደ ኮሎኝ በ2002 የተከፈተው ፈጣን መስመር በሰዓት እስከ 300 ኪሎሜትር እየበረረ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከመስኮቱ የሚታየው ዋሻና ከአውራ ጎዳናው ጋር የሚሮጥ አጥር ነው። ማይንዝ ላይ ወርዶ ወደ ኮብሌንዝ የሚሄደውን የአካባቢ ባቡር የያዘ ሰው ግን ከራይን ወንዝ ጋር ይጓዛል። ሐዲዱ ከወንዙ በስተምዕራብ ዳር ዳሩን ስለሚሄድ፣ ወደ ሰሜን ሲጓዙ መቀመጥ በቀኝ በኩል ነው። ባኻራኽ፣ ኦበርቬዘል እያለ በየጥቂት ደቂቃው ይቆማል፤ ከኮረብታው የወይን ተክል በላይ አንዱ ቤተ መንግሥት ሳይጠፋ ሌላው ብቅ ይላል፤ ካውብ ፊት ለፊት ሲደርሱ ደግሞ የድሮ ቀረጥ መሰብሰቢያ የነበረው ነጭ ምሽግ ወንዙ መካከል፣ በጠባብ ደሴት ላይ ቆሞ ይታያል። ሸለቆው በዚያው በ2002 የዩኔስኮ ቅርስ ሆኗል።

ይህን ባቡርና የጀርመንን የአካባቢ ባቡሮች፣ ትራሞችና የከተማ አውቶቡሶች በሙሉ በአንድ ወርኃዊ ክፍያ የሚሸፍነው ዶይችላንድቲኬት ነው። በሜይ 2023 በ49 ዩሮ ተጀመረ፤ በ2025 58 ዩሮ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህም የመውረድ ምልክት የለውም። በፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ ግን አይሠራም፤ በእሱ አይሲኢ በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ የተገኘ ተሳፋሪ ትኬት እንደሌለው ይቆጠራል። ደግሞም ደንበኝነት ስለሆነ በራሱ ይታደሳል፤ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ካልሰረዙት የሚቀጥለው ወር ሒሳብ ከካርድዎ ይቆረጣል፣ አዲስ አበባ ተመልሰውም ቢሆን።

የሌሊት ባቡር የሆቴል ወጪ ያድናል ይባላል፤ እውነት የሚሆነው ለተኛ ሰው ነው። የኦስትሪያው ናይትጄት በ2016 መጨረሻ ጀርመኖች የተዉትን የመኝታ ባቡር ሥራ ተረክቦ ቪየናን ማዕከል አድርጎ ከሮም እስከ ሃምቡርግ ይሠራል። ሦስት ማዕረግ አለው፤ ወንበር፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰው የሚተኛበት ተደራራቢ አልጋ፣ እና የራሱ የእጅ መታጠቢያ ያለው መኝታ ክፍል። ወንበሩ ርካሽ ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ያደረ ሰው የነገውን ከተማ በእንቅልፍ ልብ ነው የሚያየው፤ ተደራራቢው አልጋ ተመጣጣኝ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው በተለይ የሚሳሳትበት ወጥመድ አለ። በትኬት ላይ 19፡42 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ42 መሆኑን ማንም ቶሎ ይለምደዋል። ችግሩ ያለው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። 14ኛው ቀን፣ 00፡10 የሚል ትኬት የሚነሣው እኛ የ13 ሌሊት በምንለው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። በ14 ማታ ሻንጣውን ይዞ ጣቢያ የሚደርስ ሰው ባቡሩ ካመለጠው ቀን ሊሞላው ነው። የፓስ ቀንም የሚጀምረው በዚያው በእኩለ ሌሊት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት በሌሊት ባቡር ተሳፍሮ ሳይቀይር እስኪነጋ የተጓዘ ሰው የሚቆጠርበት የተሳፈረበት ቀን ብቻ ነው።

ጣቢያው ውስጥ ብዙ የሚያስፈራ ነገር የለም። በጀርመንና በኦስትሪያ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት ሰሌዳዎች ቢጫው የሚነሡትን፣ ነጩ የሚደርሱትን ባቡሮች ይዘረዝራል። ከሐዲዱ ዳር የተሰቀሉት ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚሉ ፊደላት የትኛው ፉርጎ የት እንደሚቆም ያመለክታሉ፤ ከ400 ሜትር ባቡር ጋር መጨረሻ ሰዓት ላይ ሻንጣ እየጎተቱ ከመሮጥ ያድናሉ። ፉርጎውን ማወቅ ለሌላም ይጠቅማል። ከበርሊን ወደ ምዕራብ ከሚሄዱት ፈጣን ባቡሮች ብዙዎቹ ሐም በምትባል ከተማ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ በዶርትሙንድና በኤሰን በኩል ወደ ዱስልዶርፍ፣ ግማሹ በቩፐርታል በኩል ወደ ኮሎኝ ይሄዳል። በተሳሳተው ግማሽ የተሳፈረ ሰው ሌላ ከተማ ይወርዳል። በጣሊያን በወረቀት የተገዛ የአካባቢ ባቡር ትኬት ከመሳፈር በፊት በማሽን መመታት አለበት፤ ያልተመታ ያስቀጣል። ፓሪስ ደግሞ ማዕከላዊ የሚባል ጣቢያ የላትም፤ ከብራስልስ የመጣው ጋር ዱ ኖር በሚባለው ጣቢያ ወርዶ ወደ ሊዮን የሚሄደውን ለመያዝ በከተማ ባቡር ጋር ደ ሊዮን ወደሚባለው ጣቢያ መሻገር አለበት። ለዚህ አንድ ሰዓት መተው ፍርሃት አይባልም።

ውድድር ባለበት ዋጋው ይለሰልሳል። በጣሊያን ፈጣን መስመሮች ከ2012 ጀምሮ የግሉ ኢታሎ ከትሬንኢታሊያ ጋር ይሻማል። ከማድሪድ ባርሴሎና ያለውን 621 ኪሎሜትር መንገድ በ2021 የፈረንሳዩ ዊጎ፣ በ2022 ኢርዮ ተቀላቅለውበታል፤ ዊጎ ፓስ አይቀበልም፤ በርካሽ ዋጋው ላይ ግን ፓስም አያስፈልግም። በፕራግና በቪየና መካከል የሬጂዮጄት ቢጫ ባቡሮች አሉ። ድንበር ተሻጋሪ ባቡርን የሁለቱም አገር መሥሪያ ቤቶች ስለሚሸጡት ለአንዱ ወንበር ሁለት ዋጋ ይገኛል፤ ከፕራግ ቡዳፔስት የሚሄድ ሰው የቼኩንም የሃንጋሪውንም ገጽ ሳያይ አይክፈል።

በአንዱ ቪዛ የሚዞሩበት የሼንገን ክልል ዛሬ 29 አገሮችን ይይዛል፤ ቡልጋሪያና ሮማኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በምድርም ገብተውበታል። ለንደንና ቤልግሬድ ግን ውጭ ናቸው። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ይዞ ወደ ቤልግሬድ የሚሄድ ባቡር ላይ የወጣ ሰው፣ ሰርቢያ ብታስገባው እንኳ፣ ወደ ቡዳፔስት የሚመለስበት ቪዛ የለውም። ወደ ለንደን ለሚሄደው ዩሮስታርም የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው ያስፈልጋል፤ ከፓሪስ ለሚነሣ ፍተሻው የሚደረገው እዚያው ጋር ዱ ኖር ከመሳፈር በፊት ነው።

ባቡር ሲዘገይ ዝም ብሎ መሄድ አይገባም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ለዘገየ ጉዞ የትኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ ለሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ 50 በመቶ ይመለሳል። ሕጉ የሚጠብቀው አንድ ላይ የተሸጠን ጉዞ ነው፤ ለየብቻ በተገዙ ሁለት ትኬቶች መካከል ያመለጠው ባቡር በተጓዡ ሒሳብ ነው። ጥያቄው በሦስት ወር ውስጥ በኦንላይን ወይም በጣቢያው መስኮት ይቀርባል፤ የትኬቱ ቁጥርና የሚመለሰው ገንዘብ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ይጠየቃል።