ተቋማዊ ንግግር

ተቋማዊ ንግግር ሰዎች በፍርድ ቤት፣ በሐኪም ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በፖሊስ ጣቢያና በመሳሰሉት ተቋማት ውስጥ አንድን ጉዳይ ለማስፈጸም የሚያደርጉት የቃል ምልልስ ነው። ከዕለት ተዕለት ጨዋታ የሚለየው ተናጋሪዎቹ እንደ ዳኛና ምስክር፣ እንደ ሐኪምና ታካሚ ወይም እንደ መምህርና ተማሪ ባላቸው ድርሻ ስለሚነጋገሩ ነው። ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚመልስ፣ መልሱ በቂ መሆኑን ማን እንደሚወስን በአብዛኛው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ በተቋም ውስጥ ሥልጣን የሚገለጸው በትእዛዝ ብቻ ሳይሆን በጥያቄ አቀራረብም ጭምር ነው።

የጥናቱ አጀማመር

ዘርፉ የተነሣው የምልልስ ትንተና ከተባለው የጥናት ዘዴ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ ሃርቪ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ራስን ማጥፋትን የሚከላከል ማዕከል የተቀዱ የስልክ ጥሪዎችን ያጠና ነበር። ማዕከሉ የደዋዮቹን ስም ማወቅ ይፈልግ ነበር፤ ከደዋዮቹ ብዙዎቹ ግን ስማቸውን መናገር አይወዱም ነበር። ሳክስ እንዳስተዋለው ሠራተኛው አስቀድሞ የራሱን ስም ሲናገር ደዋዩም አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ይናገራል። አንድ ደዋይ ግን የሠራተኛው ስም እንዳልተሰማው በመግለጽ፣ ስሙን ሊናገርበት የሚገባውን ተራ ሳይከለክልም ሳይቀየምም አለፈው። ሳክስ ከዚህ ተነሥቶ እያንዳንዷ ተራ በምልልስ ውስጥ የምትሠራው ሥራ እንዳላት አሳየ።

ሳክስ፣ ኢማኑኤል ሼግሎፍና ጌይል ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ተራ አያያዝ ጥናት አሳተሙ። በጥናቱ መሠረት በተራ ጨዋታ ላይ ተናጋሪው ተከታዩን ተናጋሪ ሊመርጥ ይችላል፤ ካልመረጠ ቀድሞ የጀመረው ሰው ተራውን ይይዛል፤ ማንም ካልጀመረ የመጀመሪያው ተናጋሪ ሊቀጥል ይችላል። ማክስዌል አትኪንሰንና ፖል ድሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ በፍርድ ቤት ይህ ነፃነት እንደሌለ አመለከቱ። በችሎት ጠበቃው ይጠይቃል፣ ምስክሩ ይመልሳል፤ የተራው ቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን የተራው ዓይነትም አስቀድሞ ተደልድሏል።

በክፍል ውስጥ

ጆን ሲንክለርና ማልኮልም ኩልትሃርድ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሳዩት የክፍል ውስጥ ምልልስ በአብዛኛው ሦስት ደረጃ አለው፤ መምህሩ ይጠይቃል፣ ተማሪው ይመልሳል፣ መምህሩ መልሱን ይገመግማል። መንገድ ላይ «ፖስታ ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ሲሰማ «ጎበዝ፣ ልክ ነህ!» ቢል ሰሚውን ያስገርመዋል። በክፍል ውስጥ የማያስገርመው ሁሉም መምህሩ መልሱን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ስለሚረዳ ነው።

በሐኪም ቤት

ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት 74 የሕክምና ቀጠሮዎችን መርምረዋል። ታካሚው የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ እንዲጨርስ ዕድል የተሰጠው 23 በመቶ በሚሆኑት ብቻ ነበር። ከቀሩት በአብዛኞቹ ሐኪሙ በአማካይ ከ18 ሰከንድ በኋላ ጣልቃ ይገባ ነበር። ጣልቃ መግባቱ የሚጎዳው ታካሚው መጀመሪያ የሚያነሣው ጉዳይ ዋነኛ ችግሩ ላይሆን ስለሚችል ነው።

በጆን ሄሪቴጅ የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጥናት አንድ ቃል ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳያል። ሐኪሞቹ ታካሚውን ሌላ ሊያነሣው የሚፈልገው ጉዳይ እንዳለ እንዲጠይቁ ተደረገ። ግማሾቹ በእንግሊዝኛ «ሰምቲንግ» የሚለውን፣ ግማሾቹ «ኤኒቲንግ» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። የመጀመሪያው ወደ «አዎ»፣ ሁለተኛው ወደ «የለም» የሚያዘነብል ቃል ነው። በመጀመሪያው ቃል ሲጠየቁ ሳይነገሩ የሚቀሩት ጉዳዮች በ78 በመቶ ቀነሱ፤ ሁለተኛው ቃል ግን ጭራሽ ካለመጠየቅ ያን ያህል የተለየ ውጤት አላመጣም። በአማርኛም «ሌላስ ምን ያስቸግርዎታል?» እና «ሌላ ነገር የለም አይደል?» የሚሉት ጥያቄዎች ለመልስ የሚከፍቱት በር እኩል አይደለም።

በአደጋ ጊዜ ጥሪ

እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ሰው በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ለእንጀራ እናቱ አምቡላንስ ለመጠየቅ ወደ አደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ደወለ። ስልኩን የተቀበለችው ነርስ አምቡላንስ ከመላኳ በፊት ጥያቄዎችን ደረደረች፤ ደዋዩ ተቆጣ፣ ምልልሱ ወደ ጭቅጭቅ ተለወጠ፣ እርዳታው ዘገየ፤ ሴትዮዋም ሞተች። ጃክ ዌለን፣ ዶን ዚመርማንና ማሪሊን ዌለን እ.ኤ.አ. በ1988 ጥሪውን ቃል በቃል ተንትነው ችግሩ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ እንዳልነበር አስረዱ። ደዋዩ የጠየቀው ወዲያው የሚፈጸም አገልግሎት መስሎት ነበር፤ ለነርሷ ግን ጥያቄዎቿ አምቡላንስ ይገባዋል አይገባውም የሚባልበት ማጣሪያ ነበሩ። ደዋዩ ግን ይህን አላወቀም።

በፍርድ ቤት

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሙግት «በላ ልበልሃ» በተባለው ሥርዓት ተሟጋቾቹ ራሳቸው ፊት ለፊት ቆመው እየተጠያየቁ ይከራከሩ ነበር። ጥያቄው የተሟጋቹ ስለነበረ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ብልጫ ነበረው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት ግን ጥያቄን በዋና ጥያቄ፣ በመስቀለኛ ጥያቄና በድጋሚ ጥያቄ ከፋፍሎታል። በሕጉ አንቀጽ 137 መሠረት መልሱን የሚጠቁም መሪ ጥያቄ በዋና ጥያቄ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ አይቀርብም፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ ግን ይፈቀዳል።

መሪ ጥያቄ የሚያስከትለው አደጋ በአውስትራሊያ በፒንኬንባ ጉዳይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ስድስት ፖሊሶች የ12፣ የ13 እና የ14 ዓመት ሦስት የአቦርጂናል ልጆችን ከብሪዝበን ከተማ በሌሊት በመኪና ወስደው ራቅ ያለ ጭር ያለ ቦታ ጥለዋቸው ሄዱ። ፖሊሶቹ የልጆቹን ነፃነት በሕገ ወጥ መንገድ በመንፈግ ተከሰሱ፤ ጥያቄው ልጆቹ ወደው ሄደዋል ወይስ አልሄዱም የሚል ነበር። ልጆቹ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲወጠሩ ደጋግመው «አዎ» አሉ፤ ክሱም በመጀመሪያው ደረጃ ውድቅ ሆነ። የሥነ ልሳን ተመራማሪዋ ዳያና ኢድስ እንደምታስረዳው በብዙ የአቦርጂናል ማኅበረሰቦች ዘንድ በባለሥልጣን ፊት «አዎ» ማለት ጭቅጭቅን ማብረጃ እንጂ ሐቁን ማረጋገጫ ላይሆን ይችላል። ይህን አስቀድማ ለጠበቆች በተዘጋጀ መጽሐፍ ጽፋው ነበር። በአማርኛ ተናጋሪዎችም ዘንድ በይሉኝታ የተባለ «እሺ» ሁልጊዜ ስምምነት አይደለም፤ አንዳንዴ «ሰምቻለሁ» ማለት ብቻ ነው።

በፖሊስ ምርመራ

ትሕትና በምርመራ ክፍል ውስጥ መብትን ሊያሳጣ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 በዴቪስ ጉዳይ፣ ምናልባት ጠበቃ ማነጋገር ሳይኖርብኝ አይቀርም የሚል ትርጉም ያለው ንግግር የተናገረ ተመርማሪ ጠበቃ ጠይቋል እንደማይባል ወስኗል። በውሳኔው መሠረት ፖሊስ ምርመራውን እንዲያቆም ጥያቄው ግልጽ መሆን አለበት። የሕግ ምሁሯ ጃኔት አይንስዎርዝ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ፣ አቅም የሌላቸው ሰዎች ፍላጎታቸውን በ«ምናልባት» እና በመሳሰሉት ቃላት አለስልሰው ስለሚናገሩ እንዲህ ያለው መመዘኛ ይበልጥ የሚጎዳው እነሱን ነው ስትል ጽፋ ነበር።

የአክብሮት አነጋገር

ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 እንደጻፉት፣ ሁለት ሰዎች እኩል «አንተ» ወይም እኩል «እርስዎ» ሲባባሉ ቅርበትን ወይም መከባበርን፣ አንዱ «አንተ» ሌላው «እርስዎ» ሲል ደግሞ የሥልጣን ልዩነትን ያሳያሉ። በአማርኛ ይህ ምርጫ በግሱም ላይ ስለሚታይ («ግባ»፣ «ግቢ»፣ «ይግቡ») ተናጋሪው ሳይመርጥ ሊያልፈው አይችልም። ሆኖም «አንተ» ሁልጊዜ ንቀት አይደለም፤ በጸሎት እግዚአብሔርም «አንተ» ይባላል። ልዩነቱ የሚለካው መልሱም በዚያው መልክ ሊመለስ በመቻሉ ነው።

በእንግሊዝኛ አክብሮትን ለመለካት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ኮምፒዩተርን ተጠቅመዋል። የኦክላንድ ከተማ ፖሊሶች በ981 የመኪና ፍተሻዎች ላይ የተናገሩትን ከልብሳቸው ካሜራ ቀረጻ ተንትነዋል። የፖሊሱ ዘር፣ የጥፋቱ ክብደትና ቦታው ከግምት ከገቡም በኋላ ፖሊሶቹ ለጥቁሮች የተናገሩት ለነጮች ከተናገሩት ያነሰ አክብሮት ነበረው። ልዩነቱ በአንድ ፍተሻ ብቻ ላይታይ ይችላል፤ ብዙ ሲደመር ግን ግልጽ ይሆናል።

ክርክሮች

ኖርማን ፌርክላፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ምልልስን ለመረዳት ከክፍሉ ውጭ ያለውን የማኅበረሰብ የሥልጣን ክፍፍል ማየት ያስፈልጋል ብሏል። ሼግሎፍ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪው የራሱን አመለካከት ከመጫን ይልቅ፣ ሥልጣን ለተናጋሪዎቹ ለራሳቸው አስፈላጊ እንደነበረ ከምልልሱ ማሳየት አለበት ሲል ተከራክሯል።

የማሻሻያ እርምጃዎች

በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊሶች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቃል ለማሳመን ከመጫን ይልቅ ተመርማሪው ጉዳዩን በራሱ አነጋገር እንዲተርክ የሚያደርግ የአጠያየቅ ዘዴ ይሠለጥናሉ። በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው መብት ይሰጣል፤ ያለመናገር መብትም አለው። አንቀጽ 20 ደግሞ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ መብቱ በሥራ ላይ የሚውለው ባለጉዳዩ መብቱን በገባው ቃል ሲሰማና ለመጠየቅም ተራ ሲያገኝ ነው።