የበጋ እንግዶችና የጅብ መርዝ

የመስቀል በዓል አልፎ በጋው ሲገባ በአፋር ቆላማ አካባቢዎች በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ ተደርድረው የሚያድሩ ጥንብ አንሳዎች ይበዛሉ። ፊታቸው ቢጫ፣ አካላቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር ነው። የግብፅ ጥንብ አንሳ ይባላሉ። እዚሁ የሚራቡ ቢኖሩም ብዙዎቹ ከቱርክ፣ ከካውካሰስና ከባልካን አገሮች በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጠው የሚመጡ እንግዶች ናቸው።

ወፉ እ.ኤ.አ ከ2007 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች ተመድቧል። በባልካን የቀሩት ጥንዶች 100 አይሞሉም። በአፋር በአንድ በጋ የተቆጠሩት ግን ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ። በአንድ ወረዳ የተረጨ መርዝ ቡልጋሪያ ያለውን ጎጆ ባዶ የሚያስቀረው ለዚህ ነው።

ቆጠራው የሚካሄደው ወፎቹ ለአዳር ሲሰበሰቡ ነው፤ ቀን ቀን ምግብ ፍለጋ ስለሚበታተኑ አይያዙም። ቆጣሪዎች ቀለማቸውንም ይመዘግባሉ። ጫጩቱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ አድጎ እስኪነጣ 5 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ቡናማዎቹ ካነሱ መራባቱ ተዳክሟል ማለት ነው። በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የሳተላይት መከታተያ ይታሰራል። ምልክቱ ከአንድ ቦታ አልነቃነቅ ሲል ባለሙያዎች ሄደው ያያሉ። አንዳንዱ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር፣ ሌላው ከተመረዘ ሥጋ አጠገብ ሞቶ ይገኛል።

የመርዙ ነገር ለአርሶ አደሩና ለአርብቶ አደሩ ቅርብ ነው። ጅብ ላም ሲበላበት የተናደደ ባለቤት በትራፊው ላይ ጸረ ተባይ ይረጫል። ጅቡ ሌሊት መጥቶ ሊሞትም ላይሞትም ይችላል፤ ጠዋት ግን ጥንብ አንሳው በመንጋ ይወርድበታል። በአንድ በድን ላይ ብዙ ወፍ ሊያልቅ ይችላል። በአንዳንድ ከተሞችም ባለቤት አልባ ውሾች በመርዝ ተገድለው ቆሻሻ መጣያ ላይ ይወረወራሉ። ይህኛው የአርሶ አደሩ ሳይሆን የአመራሩ ጉዳይ ነው፤ ሬሳው በጥልቅ ቢቀበር ጉዳቱ ይቀንሳል። ለጅቡም ቢሆን በእሾህ የታጠረ ጠንካራ በረት ከመርዝ ይሻላል፤ መርዙ የራስን ውሻም አይምርም።

ወፉ ቢጠፋ ምን ይጎዳል ለሚል ህንድን ማየት ይቻላል። ዳይክሎፌናክ የተባለ የከብት ማስታገሻ የወሰዱ ከብቶችን በድን የበሉ ጥንብ አንሳዎች በ1990ዎቹ በገፍ አለቁ፤ የአንዳንዱ ዝርያ ቁጥር ከ95 በመቶ በላይ ወረደ። በድኑን የሚያነሳ ሲጠፋ የባዘኑ ውሾች በዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ አደገ። መንግሥት መድኃኒቱን ለከብት እንዳይውል የከለከለው እ.ኤ.አ በ2006 ነው።

መከታተያውንም ለሕዝብ ማስረዳት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ በ2019 ከቡልጋሪያ የተነሳ አንድ ትልቅ አሞራ በየመን ታይዝ ጀርባው ላይ መሣሪያ ስለተገኘ ሰላይ ነው ተብሎ ታስሮ ነበር። መሣሪያ የታሰረበት ወይም እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት የተደረገበት ወፍ ያገኘ ሰው ቁጥሩን ጽፎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይበቃዋል። ወፉ ሞቶ ከተገኘ ግን መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል በባዶ እጅ መንካት አይገባም።